በአንዲት ክፍል የለወጥኩት ምስክርነት

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለቄስ አልተናገርኩም፤ ለባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልተናገርኩም፤ ለወለድኳቸው ልጆችም አልተናገርኩም። በየዓመቱ በአስተሰርዮ፣ በኃጢአት ማስተሰረያችን ቀን፣ እጾማለሁ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ የሠራሁትንም ያልሠራሁትንም እናዘዛለሁ፤ ይህን ግን በጥርሴ ነክሼ ይዤው እወጣለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ያልጋነሽ ጥንቁቅ ናት ይላሉ። ያልጋነሽ ኦሪት አክባሪ ናት፣ ከያልጋነሽ አፍ ውሸት አይወጣም ይላሉ። እናንተ የምታነቡ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ስም ከላዬ ላይ አውርዱት። ከዚያ በኋላ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ። ከኢትዮጵያ ለመጣን ቤተ እስራኤሎች መንግሥት ማሽካንታ፣ የቤት መግዣ ብድር ማለት ነው፣ አቅልሎ ሰጠ ተባለ። እኛ በሱዳን በኩል ከመጣን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። አንድ ጸሎት ቤት የምንሰግድ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነበርን። ወረቀት ያስፈራን ነበር። ስለዚህ እንደ አገራችን ልማድ፣ የምንገዛ ከሆነ ሁላችንም በአንድ የቤት ደላላ ቢሮ በኩል እንግዛ፣ የሚታለልም ካለ አብረን እንታለል ተባብለን ነበር። የቀረው የትኛው ቢሮ ነው የሚለው ነበር። ይህን ምርጫ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ቢሮ ነበረ። አንደኛው ግቫት ጺዮን ሰፈር ውስጥ፣ ከፀጉር አስተካካዩ አጠገብ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ ብቻ ያለው። ባለቤቱ ማክሉፍ የሚባል የሞሮኮ ሽማግሌ ነው፤ ሱፍ እየፈለፈለ ያወራል፣ የቤቶቹን ቁልፍ በካርቶን ላይ ስም ጽፎ በምስማር ሰቅሎታል። ሁለተኛው መሐል ከተማ ነው፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው፣ በሩ መስታወት፣ ውስጡ ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው በቤት ፎቶግራፍ የተሸፈነ። ትልቁን ለምን መረጥሽ ብትሉኝ፣ ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። ይህን ያህል ቅርንጫፍ ያለው ቢሮ ነገ ጠፍቶ አይሄድም፤ ማክሉፍ ግን ነገ ቢሞት ወረቀታችንን ማን ያገኘዋል? ጥሩ መልስ ነው። ለአሥራ አንዱም ቤተሰብ ነገርኳቸው። የኔ ምክንያት ግን ይህ አልነበረም።

ማክሉፍ የእኛን ሰዎች ለማግባባት አንዲት ሴት ቀጥሮ ነበር። ትርንጎ ትባላለች፤ የመንደሬ ልጅ ናት። እጠላት ነበር። ቃሉን አላለሳልስም፤ ጠላኋት። እኔ በእግሬ ሄጄ፣ የሁለት ዓመት ልጄን ሱዳን አሸዋ ውስጥ ቀብሬ የገባሁበትን አገር፣ እሷ ዘግይታ በአውሮፕላን ተቀምጣ ገባችበት። በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ በዘጠኝ ዓመት ያላወቅሁትን ዕብራይስጥ አወቀች። ፀጉሯን አሳጥራ፣ ሱሪ ለብሳ፣ ከሽማግሌው ጋር እየተሳሳቀች በስልክ ትነጋገራለች። እኔ ስገባ ግን ከወንበሯ ብድግ ትላለች፤ ጎንበስ ብላ ሰላምታዬን ትቀበላለች። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። ንቃኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አንድ ቀን አቲቆት ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ወስዳ አሳየችኝ። ንጹሕ ቤት ነው። መስኮቱን ከፍታ፣ «እትዬ ያልጋነሽ፣ ይዩት እስቲ። በዚህ በኩል ሞሮኮ፣ በዚያ በኩል ሩሲያ። ልጆችዎ ከሰው ጋር ያድጋሉ» አለችኝ።

«የደም ክፍልስ?» አልኳት።

ሳቀች። በክፋት አይደለም፤ አሁን አውቀዋለሁ። «እሱ የለውም እትዬ። እዚህ አገር ማን ይሠራዋል? ሻወር ነው ያለው።»

ይህን ሳቅ ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለማያውቅ ልንገር፦ በአገራችን ሴት በወሯ ጊዜ ከቤት ወጥታ የደም ጎጆ ትገባለች፣ ሰባት ቀን ትቀመጣለች፣ በወንዝ ታጥባ ትመለሳለች። እዚህ ግን በአራተኛ ፎቅ ላይ ወዴት ይወጣል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ በረንዳ ላይ አንሶላ ጋርጄ፣ ሰሃኔንና ኩባያዬን ለይቼ ተኝቻለሁ። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ይገባል። ትልቋ ልጄ ጎረቤት እያየ ነው ብላ ታፍራለች፤ በዕብራይስጥ «ዳይ፣ ኢማ» ትለኛለች፣ በቃሽ እማዬ ማለቷ ነው። ከቤት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የራሷ በር ያላት አንዲት ክፍል። ለሕጉ ብዬ ነው። እውነት ለሕጉ ብዬ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ።

ትርንጎ ከአቲቆት ስንመለስ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ትልቁ ቢሮ ለእኛ ሰዎች የሚያሳየው አንድ ሕንጻ ብቻ እንደሆነ፣ ያውም ነዋሪዎቹ ሊለቁት የሚቸኩሉት ሕንጻ እንደሆነ። «እትዬ፣ እዚያ አይግቡ» አለችኝ። «አሥራ ሁለታችሁንም በአንድ ደረጃ ላይ ነው የሚያጉሯችሁ። እናንተ ስትገቡ የቀረው ሰው ይወጣል። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሄደው እርስ በርሳቸው ነው የሚተያዩት። እኔ ብነግራቸው የቢሮዋን ሥራ ፈልጋ ነው ይሉኛል። አንቱ ይንገሩልኝ፤ አንቱን ይሰማሉ።»

ማክሉፍም ሱፉን እየፈለፈለ፣ «ሂጂ፣ ሁለት ቀን አስቢበት። ዳቦ አይደለም፣ ቤት ነው የምትገዢው» አለኝ።

ሁለት ቀን አላሰብኩም። በማግስቱ ትልቁ ቢሮ ሄድኩ።

ኤያል የሚባል ወጣት ነበር የሚያስተናግደው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ግቬሬት ያልጋነሽ» አለኝ፤ እመቤት ያልጋነሽ ማለት ነው። በዚህ አገር እስከዚያ ቀን ድረስ እመቤት ያለኝ ሰው አልነበረም። የሕንጻውን ንድፍ ዘረጋልኝና ምድር ቤት ያለውን ቤት በብዕሩ አሳየኝ። ከጎኑ የዕቃ ክፍል አለ፤ በሩ ወደ ግቢው የሚከፈት፣ ከቤቱ ጋር የማይገናኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። አይገናኝም ወይ? አይገናኝም። በዚህ በር ወጥቼ በዚህ በር መግባት እችላለሁ? ምን አገባኝ፣ የራስሽ ቤት ነው አለኝ። ልቤ እንዴት እንደመታ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ኤያል ፈገግ ብሎ፣ ምድር ቤቱን ብዙ ሰው ይፈልገዋል፣ ግን የእናንተን ሰዎች ሁሉ ይዘሽ ከመጣሽ መጀመሪያ የምትመርጪው አንቺ ነሽ አለኝ።

ይኸው ነው። ይህችን ነው ለማንም ያልተናገርኩት። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም አላታለለኝም። አንድ ወጣት በብዕሩ አንድ በር አሳየኝ፤ እኔም በልቤ ተስማማሁ።

ለሰዎቹ የትርንጎን ቃል ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። ሕንጻው መጥፎ ነው ብላለች አልኩ? አላልኩም። ይልቅ ልብስ ልናሰጣ ስንወጣ፣ ከጎረቤቴ ከአዝመራ ጋር ቆምኩ። አዝመራ ነገር ሲያገኛት አያድርላትም፤ ይህን አውቃለሁ።

«ለመሆኑ ትርንጎ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ፤ እኔው ነኝ ወሬውን ወደዚያ የነዳሁት።

«የመንደራችን የሸማኔው ልጅ ናት። አባቷ እንኳ ተጠምቆ ነበር።»

«ውይ። ሰውዬው ክርስቲያን ሆኖ?»

«መሬት ይሰጥሃል ብለውት።»

አዝመራ የያዘችውን አንሶላ ባልዲው ውስጥ መለሰችው። «እኔ እኮ ከቢሮዋ ውሃ ጠጥቻለሁ። ያውም በበረዶ።»

«እኔ ምንም አላልኩም» አልኳት። ይህ የኔ አነጋገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ምንም ሳልል ብዙ ሰው አሳምሜያለሁ።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። አባቷ ተጠምቆ ነበር፤ እውነት ነው። እሱ ሲሞት ግን እናቷ ትርንጎን ይዛ ወደ ወገኖቿ ተመለሰች። ቄሱ እንደ ሕጉ ከመንደሩ ውጪ ጎጆ አስቀለሱላቸው። ሰባት ቀን የራሰ ሽምብራ ብቻ እየበሉ ውሃ ብቻ እየጠጡ ተቀመጡ። ሽምብራውን የሚያደርስ፣ ወር ያልጀመራት ልጅ ያስፈልግ ነበርና እኔ ተላክሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እሸሻለሁ፤ እነሱ መጥተው ያነሳሉ። ትርንጎ ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በሦስተኛው ቀን «ዛሬም ይኸው ነው?» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። በሰባተኛው ቀን ራሳቸውን ተላጩ፣ ወንዝ ገቡ፣ ቄሱ ባረኳቸው። እናቴ እየሮጠች ሄዳ አቅፋ ሳመቻቸው። ያን ቀን ከገበታችን በሉ። ከዚያ ወንዝ ዳር ቆመው ካዩት ውስጥ አሽቀሎን በሕይወት የደረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የቀሩት ገሚሶቹ አገር ቤት፣ ገሚሶቹ ሱዳን ቀርተዋል።

የአዝመራ ወሬ በሦስት ቀን ጸሎት ቤቱን ሞላው። እሑድ ከሰዓት ቄሳችን አሥራ ሁለቱን ቤተሰብ ሰበሰቡ፤ የቢሮውን ነገር እንቁረጥ፣ የዚህችንም ልጅ ነገር እንስማ ብለው። ትርንጎ የቤቶቹን ዝርዝር ይዛ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ተጠምቀሻል ይባላል፣ ምን ትያለሽ አሏት።

«ተመልሰናል፣ አባ። በሕጉ ተመልሰናል» አለች። ከዚያ በሴቶቹ መሐል ፈለገችኝና አገኘችኝ። ስታየኝ ፊቷ ተፈታ። «እትዬ ያልጋነሽ ያውቃሉ። እሳቸው ምስክሬ ናቸው።»

ያ የፊቷ መፈታት ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። በእኔ ተማምና እኮ ነው።

ቄሱ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ያገሯ ልጅ ነሽ። ሲጠመቁ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ሲመለሱስ?»

አሁን ፍረዱ። ዝም የምል መስሎኝ ነበር። ዝምታ ይበቃ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ፣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁና፣ «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ።

እግዚአብሔር ያውቃል አልኩ። ያውቃል፤ አልዋሸሁም። ግን እኔም አውቅ ነበር። የጠየቁት እኔን እንጂ እግዚአብሔርን አልነበረም። ስሙን እንደ መጋረጃ ዘርግቼ ከጀርባው ተደበቅሁ። ሐሰተኛ ምስክር ምላሱን ያጠፋል፤ እኔ ምላሴን ጠብቄ ሰው አጠፋሁ። ከሁለታችን ማን ይከፋል? ዋሾ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። እኔ ስወጣ ራሴን ንጹሕ ነኝ እያልኩ ነበር።

ቄሱም ምስክር ከሌላት እኔ ምን ላድርግ አሉ፣ ባዘነ ድምፅ። በእሳቸው አትፍረዱ። የሚያውቀውን ጠየቁ፤ የሚያውቀው ነው የከዳቸው።

ትርንጎ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። አልጮኸችም። «እትዬ፣ ረሱት እንዴ?» ብቻ አለችኝ።

«ብዙ ዘመን ነው» አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም።

በሳምንቱ አሥራ ሁለታችንም ትልቁ ቢሮ ገባን። ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ሰጡን። አንዱ ቤተሰብ ፈርሞ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። ኤያል ቃሉን ጠበቀ፤ መጀመሪያ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ወር በጎን በሯ ወጥቼ ያችን ክፍል ገባሁባት። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ፣ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዝናብ የለም፣ የሚያይ ጎረቤት የለም። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም፤ ስገባ አላለቀስኩም፣ ሕሊናዬ አልወቀሰኝም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እንደ ሰው ተኛሁ። ለራሴ ንጽሕና ብዬ የሌላዋን ንጽሕና አርክሼ፣ በሰላም ተኛሁ።

ትርንጎ ያለችው ሁሉ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌላው ነዋሪ ወጣ፤ የወጣበትን ቤት ያው ቢሮ ለእኛው ሰዎች ሸጠው። ቧንቧው ፈነዳ፣ የደረጃው መብራት ጠፋ፣ የሚጠግን የለም። ትንሿ ልጄ አንደኛ ክፍል ገብታ ስትመለስ መምህሯ ብቻ ነጭ እንደሆነች ነገረችኝ። ልንሸጥ ብንል የሚገዛ አጣን። አዝመራ በደረጃው ላይ እየወጣች፣ «ማን ነው እዚህ ያመጣን?» ስትል፣ እኔ ቀና ብዬ «እግዚአብሔር ነው» እላታለሁ። እሷም አሜን ትላለች። ታያላችሁ አይደል? ያው ቃል ነው፤ ተለማመድኩት።

ወደ ማክሉፍ ቢሮ ከእኛ ሰው የሚገባ ጠፋ። ሽማግሌው ለጥቂት ወራት አቆያት፤ ከዚያ ለሁለት የሚሆን ሥራ የለኝም ብሎ አሰናበታት። ይህ ብቻ ቢሆን ሥራ ሌላ ይገኛል። ሰው ግን ከእጇ መብላት ተወ። ልቅሶ ቤት ሄዳ ሰሃን ልታነሳ ስትል ይቀሟት ነበር፤ በፈገግታ ነው፣ አንቺ አረፍ በይ እያሉ። ሴት ልጇን አንድ የእኛው ወገን ጠይቆ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች ዘር ቆጠሩ፤ ሲቆጥሩ የኔ ቃል ላይ ደረሱና ቆሙ። ጋብቻው ቀረ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሰሜን፣ ማንም ወደማያውቃቸው ከተማ ሄዱ። ሲጭኑ በመስኮቴ አየኋቸው። ልውጣ ወይ ብዬ እንኳ አላሰብኩም። እፎይ አልኩ።

አድራሻዋን አገኘሁት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ። ባሌ ከሞተ፣ ልጆቼ ከወጡ፣ የኔም ወር ከቆመና ክፍሏ የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ከሆነች በኋላ። አውቶቡሱ በአንድ ቅያሪ ያደርሳል። ይህን ዓመት እሄዳለሁ፣ ለአስተሰርዮ ሳይደርስ እሄዳለሁ እያልኩ ሰባት አስተሰርዮ አለፈኝ። የሄድኩት ሞታለች ሲሉኝ ነው። ለቅሶ ተቀመጥኩ። ልጇ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ የእናትሽ የመንደር ልጅ ነኝ አልኳት። አጎንብሳ እጄን ሳመች። ምግብ አቀረበችልኝ፣ በላሁ። እናትሽን የገደልኩ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ጨው ጎድሎታል አላልኩም እንጂ እሱን እንኳ አስቤያለሁ።

ከዚያ በተመለስኩበት ሰንበት ጸሎት ቤታችን ውስጥ ተነሳሁ። ቄሳችን ሞተዋል፤ አሁን አንድ ወጣት ረቢ ነው ያለው፣ እዚሁ የተወለደ። ተነስቼ ስለ ሽምብራው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ዝምታዬ ተናገርኩ። ትርንጎ በሕጉ ተመልሳ ነበር፣ እኔ አይቻለሁ አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ሲጠይቁኝ ግን፣ «ለሕጉ ቀንቼ ነው፤ ቅንዓት አሳወረኝ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ወጣቶቹ ሽምብራው ምን እንደሆነ አንዱ ለሌላው በዕብራይስጥ ያስረዳል። ረቢው ወደኔ መጥቶ «ኮል ሃካቮድ» አለኝ፣ ክብር ይገባሻል። በዚህ ዕድሜ ይህን መናገር ትልቅ ድፍረት ነው አለ። ሴቶቹ ተሰልፈው ጉልበቴን ሳሙኝ። አዝመራም ሳመችኝ፤ «አንቺ እኮ ድሮም እውነተኛ ነሽ» አለችኝ።

እኔም ቆሜ ተሳምኩ። ከበደሌ ላይ ደግሞ ሌላ ክብር ለቀምኩ። ያን ቀን የተናገርኩት ለቄሱ እንደነገርኳቸው ሁሉ ግማሹን ነበር። ለሕጉ ቀንቼ አልነበረም። ሕጉ እኮ ምስክር ሁኚ ነበር የሚለኝ። ለአንድ በር ነው። በሩ ወደ ግቢው ስለሚከፈት ነው።

ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሴት ነበረች፤ በሕይወት ሳለች አልሄድኩላትም። እናንተ ይቅር እንድትሉኝ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለምና የምትሰጡኝ። ተናገረች ብላችሁም አታመስግኑኝ፤ አንድ ጊዜ ተመስግኜበታለሁ።

አንቺ የትርንጎ ልጅ፣ ይህ ወረቀት ከእጅሽ ከደረሰ፣ ያጨሽን ሰው ከደጃፍሽ የመለሰው የእናትሽ ደም አልነበረም። በእናትሽ ላይ የሚነገር ነገር አልነበረም። እኔ ነኝ። ምድር ቤት ነው የምኖረው፣ ያው ሕንጻ ነው፤ ልትመጪ ብትፈልጊ ማንንም ብትጠይቂ ያሳይሻል። እከፍትልሻለሁ። የምትይኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አላውቅም አልልሽም።